ዶክመንተሪ ለሴቶች ማኅበር ማሳየት፦ ከአዳራሹ እስከ አማርኛው ንባብ

ለእድር፣ ለዕቁብ ወይም ለማኅበር ሴቶች ዶክመንተሪ ለማሳየት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ፕሮጀክተሩ ነው። ፕሮጀክተር በኪራይ ይገኛል። ዝግጅቱን የሚያበላሸው ሌላ ነው፦ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ድምፁ አይሰማቸውም፣ የሰሙት እንግሊዝኛውን አይከተሉም፣ ውይይቱ ሲጀመር ደግሞ ይመሽና ሁሉም ወደ ቤቱ ይነሣል።

እዚህ በምሳሌነት የምንይዘው በ2008 የወጣውን «ፕሬይ ዘ ዴቪል ባክ ቱ ሄል» የተባለ ፊልም ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2003 በላይቤሪያ ጦርነት ወቅት ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ነጭ ለብሰው በዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ የዓሣ ገበያው አጠገብ በፀሐይና በዝናብ ተቀመጡ፤ በኋላም ጋና ውስጥ እስከ አክራው የሰላም ድርድር ድረስ ሄዱ። ከመሪዎቻቸው አንዷ ሌማ ግቦዊ በ2011 በወቅቱ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከኤለን ጆንሰን ሰርሊፍና ከየመኗ ተዋክል ካርማን ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብላለች። ፊልሙ 72 ደቂቃ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚመች ርዝመት ነው። ከ80 ደቂቃ ያለፈ ፊልም የውይይቱን ሰዓት ይበላል።

ፈቃዱን አስቀድሙ። ፊልም መግዛት ወይም የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎት ደንበኛ መሆን ቤት ውስጥ ለማየት እንጂ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ለማሳየት አይፈቅድም። አከፋፋዩን ጻፉለት፤ የተመልካቹን ቁጥር፣ ቦታውንና መግቢያው ነጻ መሆኑን ግለጹ። አማርኛ ንባብ (በማይክ የሚነበብ ትርጉም) እንደምትጨምሩም አብራችሁ ጠይቁ።

ሰዓቱን ሴቶቹ ራሳቸው ይምረጡ። የገበያ ቀንና የበዓል ዋዜማ አይሆንም። ብዙ ቦታ የሚሠራው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ካበቃ ማንም ጨለማ አይፈራም። ለልጆች የተለየ ክፍልና ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ልጅ አንድ ጠባቂ። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም። ፊልሙ ውስጥ የሚያስደነግጥ የጦርነት ምስል ስላለ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም።

አዳራሹን ቀድማችሁ በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ እዩት። በቀን ብርሃን መጋረጃ ካልተከለለ ከ3000 ሉመን (የብርሃን መለኪያ) በታች የሆነ ፕሮጀክተር ይደበዝዛል፤ ርካሽ ዕቃ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ አንሲ ሉመን በተባለው መስፈርት የተለካ አይደለም። ምስሉ ወርዱ 2 ሜትር ከሆነ ቁመቱ 1 ሜትር ከ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመጨረሻው ወንበር ከዚህ ቁመት ስድስት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 6 ሜትር ከ70 ባይርቅ ይሻላል። የፕሮጀክተሩ የራሱ ድምፅ ለአዳራሽ አይበቃም። ባትሪ ያለው ስፒከርና ማይክ አምጡ፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሰው መናገር ይችላል። ኤችዲኤምአይ ገመድ ሲሰካ ድምፁ ወደ ፕሮጀክተሩ ይሄድና ስፒከሩ ዝም ይላል፤ ላፕቶፑ ላይ የድምፅ መውጫውን ቀይሩ። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወዲያው አይነሣም፤ እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ፊልሙን በፍላሽ ከወሰዳችሁ፣ ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም፤ ይህ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታወቀው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ አማርኛው። ሰብታይትል (ከምስሉ ሥር የሚጻፍ ትርጉም) ሲታሰብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከታዳሚዎቹ ማንበብ የማይችሉ ወይም መነጽራቸውን ቤት የረሱ ይኖራሉ። ሰብታይትል ካዘጋጃችሁ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ አስቀምጡት፤ አለበለዚያ ፊደሉ በባዶ ሳጥንና በምልክት ይተካል። ከሁለት መስመር አይብለጥ።

ከሁሉም የሚሻለው በማይክ የሚነበብ አማርኛ ነው፤ አንባቢዋም ሴት ብትሆን ይመረጣል። በቦታው እየሰማሁ እተረጉማለሁ የሚል ሰው ግን አይስማማችሁ። ምክንያቱ የቋንቋችን ጠባይ ነው፤ አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ተርጓሚዋ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ትጠብቃለች፣ በዚያ መሃል ሌላዋ ሴት መናገር ትጀምራለች። በሦስተኛው ደቂቃ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። በግራ በኩል ደቂቃና ሰከንድ፣ በመሃል የተናጋሪዋ ስም፣ በቀኝ የሚነበበው። ሁሉንም ቃል አትተርጉሙ፤ ዋናውን ሐሳብ አጥር ባለ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ሴትዮዋ ስታለቅስ ወይም ሴቶቹ ሲዘምሩ ወረቀቱ ላይ «ዝም» ብላችሁ ጻፉ፤ እዚያ ላይ አማርኛ አያስፈልግም። ንባቡ ሲጀምር አንድ ሰው የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያድርግ፣ ሲያበቃ ይመልሰው። ሁለት ጊዜ ሙሉ ልምምድ ካላደረጋችሁ አንባቢዋ ወደኋላ ትቀራለች።

እንግሊዝኛ የማይለየውን አንተንና እርስዎን አማርኛ ይለያል። ሴቶቹ ለፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር አቤቱታቸውን ሲያቀርቡ «አንተ» ብላችሁ ብትተረጉሙ ስድብ ይመስላል፤ «እርስዎ» ስትሉ ግን ድፍረቱ ከነክብሩ ይሰማል። በዕድሜ የገፉት ሴቶችም «እሳቸው» ይባሉ። እንዲህ ሲሆን አዳራሹ ውስጥ ያሉት እናቶች ሰዎቹን የራሳቸው ጎረቤት አድርገው ያዳምጣሉ።

ከመጀመሩ በፊት አወያይዋ በግልጽ ትናገር፦ ግድያ፣ የመደፈር ወሬና መሣሪያ የያዙ ልጆች አሉበት፤ መውጣት የፈለገች ሳትጠየቅ ትውጣ። በር አጠገብ ወንበር ይቀመጥ፤ ውጭ ደግሞ በሥነ ልቦና ድጋፍ የሠለጠነች ሴት ውኃ ይዛ ትጠብቅ። የሕክምናና የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቦታ ስም አስቀድማችሁ ያዙ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ተጎጂዎች የተቋቋመ ማዕከል አለ። በዚያ ቀን የሚሠራ መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ለውይይቱ 45 ደቂቃ ተዉለት። «ፊልሙን እንዴት አያችሁት?» ብሎ መጀመር «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ብቻ ያመጣል። ከአንድ ትዕይንት ተነሡ። አክራ ላይ ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው የድርድሩን አዳራሽ በር ዘጉ፤ ጠባቂዎች ግቦዊን ሊይዟት ሲመጡ ልብሷን ማውለቅ ጀመረች። ታዳሚው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ይቆጣል። አወያይዋ ቶሎ አትለፈው፤ በዚያ አካባቢ የእናትን ዕርቃን ሆን ተብሎ ሲገለጥ ማየት እርግማን መሆኑን ታስረዳ። ከዚያ ትጠይቅ፦ በእኛ ዘንድ ሴት ጠብ የምታስቆመው በምንድን ነው? የኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው በጠበኞች መሃል ሲቆሙ ጠቡ መቆም እንዳለበት የሚያውቁ ይኖራሉ፤ እነሱ ይቀጥሉበታል። ትልልቆቹ ሴቶች ከተናገሩ በኋላ ወጣቶቹ ዝም እንዳይሉ በሦስት በሦስት ሆነው አሥር ደቂቃ እንዲያወሩ አድርጉ። ማንም በራሷ ላይ የደረሰውን እንድትናገር አትጠየቅ፤ ራሷ ከጀመረች ግን ዝም ብላችሁ ስሟት። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ካለ አስቁሙ።

በማግስቱ በመሃል ለወጣችው ሴት አወያይዋ ራሷ ትደውልላት።