ለቀድሞ ወታደር ሕክምና ስንፈልግ የተሳሳትናቸው ነገሮች

አጎቴ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነበሩ። ጦሩ በ1983 ሲበተን መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቤታቸው ገቡ። የግል ኢንሹራንስ የላቸውም። ሐኪም ቤት የማመላልሳቸው እኔ ነኝ፤ የሠራናቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል መሮጥ። ለፒያሳ ሰው ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። እኛም በቅርበቱ ተሸውደን ሄድን። ግን መንገዱ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ሪፈር ይጻፍላችኋል፤ ምናልባት ወደ ዘውዲቱ፣ ወደ ራስ ደስታ ወይም ወደ የካቲት 12። ያለ ሪፈር የሄደ የጤና መድህን አባል ሂሳቡን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ግን ሪፈር ሳትሉ ቅርብ ወዳለው ሂዱ።

«ስታመም እመዘገባለሁ» ማለት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮ በዓመት አንዴ ይከፈላል፤ ምዝገባና እድሳቱም ወቅት አለው። እድሳት ያለፈበት ደብተር ይዞ ካርድ ክፍል መቆም ምን እንደሚመስል አይተናል። መክፈል ለማይችሉ ደግሞ መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር አለ፤ ወረዳ ሄዶ መጠየቅ ነው። አጎቴ «ወታደር ነኝ፣ ለማኝ አይደለሁም» ብለው አንድ ዓመት ሙሉ አስቸገሩኝ። እልኸኛ ናቸው።

ሰፈር ሲቀየር ዝም ማለት። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ሰው በኮሪደር ልማቱ ተነሥቷል። መድህኑ ደግሞ ከወረዳ ጋር የተያያዘ ነው። አዲሱ ወረዳ ሄዳችሁ አባልነቱን አስተካክሉ፤ መታወቂያውንም አብራችሁ።

የድሮ ቁስልን አለመናገር። ይህን ከሁሉም በላይ ያዙልኝ። አጎቴ ኤም አር አይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ታዘዘላቸው። ባለሙያዋ «ሰውነትዎ ላይ ብረት አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ቁልፋቸውን አውጥተው «የለም ልጄ» አሉ። ግራ ጭናቸው ውስጥ ግን ከናቅፋ ግንባር ያመጡት ፍንጣሪ አለ! እኔ ጮኼ ተናገርኩ። የማሽኑ ማግኔት በጣም ኃይለኛ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ያለ ብረት ሊንቀሳቀስ ወይም ሊሞቅ ይችላል። በተለይ ዓይን አካባቢ ከሆነ አደጋው ከባድ ነው። ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ መጀመሪያ ራጅ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ «ግራ ጭን፣ ፍንጣሪ» ብዬ በወረቀት ጽፌ ኪሳቸው ውስጥ አስቀምጫለሁ።

እሳቸው ለምን አልተናገሩም? «ልማድ ሆኖብኝ ረሳሁት» ነው ያሉት። አርባ ዓመት አብሯቸው ስለኖረ እንደ ጥርስ ቆጥረውታል።

መድኃኒት የለም ሲባል መጀመሪያ የታየ ፋርማሲ መግባት። በመጀመሪያ የከተማ አስተዳደሩን ከነማ ፋርማሲ እዩ፤ ቀይ መስቀልንም። ደረሰኝና ማዘዣ አይጣል።

ወታደርነቱ ብቻውን በር ይከፍታል ብሎ ማሰብ። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል አለ፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጡረታ ወጥቶ የተሰናበተና በ1983 የተበተነ ወታደር ወረቀታቸው አንድ አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ማን እንደሚስተናገድ አጣሩ፤ የጡረታ ደብተርና የስንብት ወረቀት ካለ ኮፒ አንሡ። የአጎቴ መታወቂያ ከፌስታሉ ሲወጣ ፎቶው ደብዝዞ ነበር፤ ላሚኔት አስደረግነው።

ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ሰልፉ አይጣል ነው። እኛ ረቡዕ እንሄዳለን።