በጀርመን ገጠር የትራክተር በዓል እንዴት ይጎበኛል?

ጀርመን የሚኖር ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ከተማውን ነው፤ ፍራንክፈርትን፣ ኮሎኝን፣ ሙኒክን። ገጠሩ ዝም ያለ ይመስላል። ከሰው ጋር ለመግባባት የድሮ ትራክተሮች በዓልን የሚያህል ቀን ግን አላየሁም። ሰዉ በሙሉ ደጅ ወጥቷል፣ ሁሉም ስለሚወደው ነገር ማውራት ይፈልጋል።

1. በዓሉን ፈልጉ

ወቅቱ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ቅዳሜና እሁድ ነው። አዘጋጁ ብዙ ጊዜ የመንደሩ የድሮ ተሽከርካሪ ወዳጆች ማኅበር ወይም የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድኑ ነው። ሰሜን ጀርመን ከሆናችሁ «ትሬከርትሬፈን»፣ ደቡብ ከሆናችሁ «ሽሌፐርትሬፈን» ወይም «ቡልዶግትሬፈን» ብላችሁ ፈልጉ። የአካባቢ ጋዜጣና መንገድ ዳር የሚለጠፍ ፖስተርም አይናቁ።

2. መንገዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ

የሚያስቸግረው ይሄ ነው። በመላ አገሪቱ በሚያገለግለው ወርኃዊ ትኬት፣ በዶይችላንድቲኬት፣ በክልል ባቡር መሄድ ይቻላል። ከጣቢያው እስከ መንደሩ ግን እሁድ አውቶቡስ ላይኖር ይችላል። አንዳንድ ቦታ ቀድማችሁ ካልደወላችሁ የማይመጣ አውቶቡስ ነው ያለው፤ «ሩፍቡስ» ይሉታል። የመመለሻውንም ሰዓት አብራችሁ እዩ። መኪና ካላችሁ የምታቆሙት የታጨደ ሜዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ጭቃ ነውና ጫማችሁን አስቡበት።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ሳንቲምም ጭምር። ብዙ ቦታ ካርድ አይሠራም። ለብርጭቆው «ፕፋንድ» የሚባል መያዣ ትከፍላላችሁ፣ ስትመልሱት ይመለስላችኋል። ልጆች ካሉ የጆሮ መከላከያ ግድ ነው።

3. ጠዋት ድረሱ

ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው የቆሙ ትራክተሮችን ያያል። ጠዋት የመጣ ሲነሱ ያያል፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በተለይ ላንዝ ቡልዶግን ፈልጉ። የማንሃይሙ ላንዝ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣው፣ መሐንዲሱ ፍሪትዝ ሁበር የነደፈው ትራክተር ነው። ፋብሪካውን በ1956 የአሜሪካው ትራክተር አምራች ጆን ዲር ገዛው። ባየርን ውስጥ ግን ዛሬም ማንኛውንም ትራክተር ቡልዶግ የሚሉ አሉ።

አነሳሱን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ባለቤቱ ከፊት ለፊቱ ነበልባል የሚተፋ ማሞቂያ ይደግንበታል። የሞተሩ ራስ እስኪግል ደቂቃዎች ይወስዳል። ከዚያ መሪውን ከነዘንጉ ይነቅለውና ጎን ላይ ካለው ቮላኖ፣ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ መንኮራኩር ጋር ይገጥመዋል። ወዲህ ወዲያ ያወዛውዘዋል። ድንገት «ዱም» ይላል፣ ጭስ ቀለበት ሠርቶ ይወጣል። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ነው፤ በትልልቆቹ ላይ ወደ 10 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ሲሠራ ትራክተሩ በሙሉ ባለበት ይዘላል። የመጀመሪያው ቡልዶግ የኋላ ማርሽ አልነበረውም። ወደ ኋላ ለመሄድ ሞተሩ ራሱ በተቃራኒው እንዲዞር ይደረግ ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ቆሞ ላየ፣ የዛሬ ትራክተር በቁልፍ መነሣቱ ተአምር ይሆንበታል።

4. ባለቤቱን አናግሩ

ሰሜን ላይ «ሞይን»፣ ደቡብ ላይ «ግሩስ ጎት» በሉ። ቀጥሎ «ባውያር?» ብላችሁ የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ። ጀርመንኛችሁ ባይጠራም ግድ የለም፤ ይህች ጥያቄ ብቻ ትበቃለች። አብዛኛው ትራክተር የአባት ወይም የአያት ነው። ማን እንዳረሰበት፣ ስንት ዓመት ጎተራ ውስጥ እንደተረሳ ይነግሯችኋል። በማርክቶበርዶርፍ ከ1930 ጀምሮ የተሠራውን የፌንት «ዲዝልሮስ»፣ ሰማያዊውን አይሸር፣ ከ1956 እስከ 1963 በፍሪድሪሽስሃፈን የተመረተውን ቀዩን ፖርሽ ጠይቁ። አዎ፣ ፖርሽ ትራክተርም ነበረው።

ልጅ ትራክተሩ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት «ዳርፍ ኤር?» (ይፈቀድለታል?) ብላችሁ አስፈቅዱ፣ ሴት ልጅ ከሆነች «ዳርፍ ዚ?» በሉ። ብዙ ጊዜ ራሳቸው አንስተው ያስቀምጡታል።

5. ምግቡን አጣርታችሁ ብሉ

ብራትቩርስት በአብዛኛው የአሳማ ነው። ከትልቅ ድስት የሚቀዳው የአተር ሾርባም ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። «ኦነ ሽቫይን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ያለ አሳማ ማለታችሁ ይገባቸዋል። ኦገስት ላይ ፍልሰታን የምትጾሙ ኬኩም ቅቤና እንቁላል አለው፤ የተጠበሰ ድንች ይሻላል፣ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ጠይቁ፤ ዳቦም ከቤት ያዙ። ላልጾመ ግን የመንደሩ ሴቶች ጋግረው የሚያመጡት ኬክ እንዳያመልጠው። ከሰዓት ሳይደርስ ያልቃል።

6. ከሰዓት በኋላ

ፕሮግራሙ በር ላይ ይለጠፋል። ውቂያ ካለ ሌላውን ተዉና እሱን እዩ። ቡልዶጉ በረጅም ቺንጋ የመውቂያ ማሽኑን ያዞራል፤ ሰዎች ነዶ ከላይ ያቀብላሉ፣ እህሉ በጎን ወደ ጆንያ ይወርዳል። በበሬ ሲወቃ ያደገ ሰው እዚህ ጋ ብዙ የሚያወራው ያገኛል። ከቺንጋው ግን ራቁ፣ ልጅም እጁን አይለቀቅ። ቺንጋው አይከለልም፣ ልብስ ቢይዝ አይለቅም። ጭስ ማውጫውም ያቃጥላል።

ሰልፍ ካለ ትራክተሮቹ በመንደሩ ይዞራሉ። ዳር ሆናችሁ እጃችሁን አውለብልቡ፣ ሁሉም ይመልሱላችኋል።

በመኪና የምትመለሱ ከሆነ ማታ መንገዱ ላይ ትራክተሮች ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይፈጥኑም፤ ከኋላ የመኝታ ጋሪ የሚጎትቱም አሉ። ኩርባ ላይ አትቅደሟቸው። ቦታ ሲያገኙ ራሳቸው ዳር ይይዙላችኋል።