ሆርን ስፒከር ለሳሎን፦ ከጉሮሮው እስከ ሶፋው

መጀመሪያ የባሱን (የወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ) ነገር እንጨርስ፦ ባስ በሆርን፣ ማለትም እየሰፋ በሚሄድ ጥሩንባ መሰል ቱቦ፣ አይሞክሩ። የሆርን አፍ ዙሪያ፣ ከሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ማነስ የለበትም። ለ40 ኸርዝ ይህ 8.6 ሜትር ዙሪያ፣ 2.7 ሜትር ዲያሜትር ያለው አፍ ነው። ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ግድግዳና ወለል ቢያግዙት እንኳ 1 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ በር ወይም መስኮት ያልነካቸው ሁለት ማዕዘኖች ማግኘት በራሱ ዕድል ነው። ባሱን ሣጥን ውስጥ ለገባ 12 ኢንች ዉፈር (የባስ ስፒከር) ይተዉት፤ ሆርኑ ከ1,200 ኸርዝ በላይ ያለውን ይያዝ።

ለ1 ኢንች ኮምፕረሽን ድራይቨር (ሆርኑ ጀርባ ለሚገጠመው ድምፅ ሰጪ) ሆርኑን በ600 ኸርዝ ገደብ ያስሉት፤ ገደብ ማለት ሆርኑ ከዚያ በታች የማይሠራበት ድምፅ ነው። ክሮስኦቨሩ (ድምፁ ለዉፈሩና ለሆርኑ የሚከፈልበት ነጥብ) ከገደቡ እጥፍ ላይ የሚቀመጠው፣ ሆርን ገደቡ አጠገብ ሲሠራ ስለሚጮህና ድራይቨሩን መደገፍ ስለሚያቅተው ነው። የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው ብለው ሒሳቡን አይቀይሩ፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀት እንጂ ከፍታ አይደለም። በሰከንድ 343 ሜትር የሆነው የድምፅ ፍጥነት ለ600 ሲካፈል 57 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ይሰጣል፤ የአፉ ዲያሜትር 18.2 ይሆናል። ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማለትም ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) አሥር ድርብ።

ድርቦቹን በኮላ አጣብቀው፣ በሞርሳ አስረው ያሳድሩና ቶርኖ ቤት ይውሰዱ። ለባለሙያው ቁጥር ብቻ አይስጡት፤ ቅርጹን ከወፍራም ካርቶን ቆርጠው ይስጡት። ከጉሮሮው (ድራይቨሩ ከሚገጥምበት ጠባብ ጫፍ) ጀምሮ በየ3.15 ሴንቲ ሜትሩ ዲያሜትሩ 2.5፣ 3.6፣ 5.1፣ 7.2፣ 10.2፣ 14.4 እያለ ሄዶ አፉ ላይ 18.2 ይደርሳል። ትልቁ ጥንቃቄ ድራይቨሩ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ የ1 ሚሊ ሜትር ደረጃ ካለ ከፍተኛው ድምፅ ይሻክራል፤ ጣትዎን አስገብተው ይዳስሱት፣ ከያዘዎት በስቱኮ ሞልተው በብርጭቆ ወረቀት ያልስልሱት። የአፉንም ጠርዝ ያክብቡት።

ክሮስኦቨሩን ለመሥራት፣ ድራይቨሩና ዉፈሩ ሁለቱም ባለ 8 ኦም ከሆኑ፣ ለሆርኑ 8.3 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ፣ 2.1 ሚሊ ሄንሪ ኮይል በትይዩ ያስገቡ፤ ለዉፈሩ ተገላቢጦሹን። ድራይቨሩ ከዉፈሩ 10 ዴሲቤል ያህል ስለሚጮህ ከካፓሲተሩና ከኮይሉ በኋላ 5.5 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ 3.7 ኦም በትይዩ ያድርጉ። ካፓሲተሩን «ድምፁን ያፍናል» ብሎ የሚያወጣው ሰው አይጠፋም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፕሊፋየሩ «ጓ» የሚለው ያን ጊዜ የድራይቨሩን ዲያፍራም (ድምፅ የሚያወጣውን ስስ ሽፋን) ይበላዋል።

ብዙ ሰው የሚዘለው የሁለቱን መደርደር ነው። ሆርኑን ሣጥኑ ላይ አስቀምጠው የድራይቨሩን ጀርባ ዉፈሩ ውስጥ ካለው የድምፅ ኮይል ጋር በዓይን ያስተካክሉ፤ አፉ ከሣጥኑ ፊት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደፊት ሊወጣ ይችላል። ሁለቱንም ፕላስ በፕላስ አገናኝተው 1,200 ኸርዝ ቶን (ወጥ ድምፅ) ይክፈቱና፣ ስልክዎን የድምፁን ኃይል እንዲለካ የሚያዳምጡበት ቦታ አድርገው ሆርኑን በጣት ስፋት ወደፊትና ወደኋላ ይግፉት። ድምፁ በጣም የደከመበት ቦታ ትክክለኛው ነው። እዚያ ይጠብቁትና የሆርኑን ሁለት ሽቦዎች ይቀያይሩ፤ ይህ ክሮስኦቨር የሚገጥመው ሽቦው ሲገለበጥ ነው። ከ14 ሴንቲ ሜትር በላይ ከገፉት ሌላ የሐሰት ቦታ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ።

ስፒከሮቹን አጭሩ ግድግዳ ላይ፣ የሆርኑን መሃል በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ያድርጉ፤ ከ2.5 ሜትር ባነሰ ርቀት ዉፈሩና ሆርኑ ተለያይተው ይሰማሉ። ፊታቸውን ወደ ውስጥ ያዙሩ፤ መስመሮቻቸው ከአድማጩ ፊት 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቋረጡ። ያን ጊዜ ሶፋው ዳር የተቀመጠውም ሰው ሚዛኑ አይጠፋበትም፣ የጎን ግድግዳውም ብዙ አይመልስም። ከ1,500 ኸርዝ በታች ግን ሆርኑ ድምፁን አይሰበስብም፤ ለሴራሚክ ወለል ወፍራም ምንጣፍ ያስፈልጋል፣ ባለ መስተዋት ጠረጴዛም ከመሃል ይነሳ።

4.8 ሜትር ርዝመት ያለው ሳሎን 36 ኸርዝ ላይ ያጉረመርማል፤ ጉርምርምታው የሚበረታው የኋላ ግድግዳ ጋ ስለሆነ ሶፋውን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ወለሉ እንደ አሮጌ ቤቶች የእንጨት ከሆነ ሣጥኑ ሥር ብሎኬትና ጎማ ያስገቡ። ከዚያም ከ30 እስከ 100 ኸርዝ ቶኑን ቀስ እያሉ ይክፈቱና የቡፌውን ብርጭቆዎች ያዳምጡ፤ የስፒከር ስንጥቅ የሚመስለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።