ጉልበት ከተቀየረ በኋላ፦ ሕመሙን ቤት ውስጥ እንዴት እንያዘው

የእናቴ ቀኝ ጉልበት በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተቀየረው አዲስ አበባ ነው። ያገገመችው ግን እዚህ ባሕር ዳር፣ እኛው ቤት ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የወራት ሥራ የታማሚውና የአስታማሚው ነው። ይህን የምጽፈው ለአስታማሚዎች ነው፤ በተለይ እናቱን ወይም አባቱን ቤት ይዞ ገብቶ «አሁንስ ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ማስታገሻ የሚሰጠው ጉልበቱ እንዲንቀሳቀስ ነው። የእኛ እናቶች ሕመም መቻል ያውቁበታል። እናቴም ኪኒን ስሰጣት «ተይው፣ እችለዋለሁ፤ መድኃኒት ሲበዛ ልብ ያደክማል» ትለኝ ነበር። ችሎ መተኛት ግን ጉልበቱን ይጎዳዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልታጠፈና ያልተዘረጋ ጉልበት ውስጡ ጠባሳ ይሠራል፣ ይደርቃል። አንዴ ከደረቀ ደግሞ ታማሚዋ እንደገና ማደንዘዣ ተሰጥቷት ሐኪም በእጁ እስከ ማጠፍ ሊደረስ ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ እስኪበረታ አትጠብቁ። ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ሰዓት ጠብቃችሁ ስጡ። ጉልበቷን የሚያንቀሳቅሰውን ስፖርት ኪኒኑ ከተዋጠ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በኋላ አሠሯት። እኛ ቤት ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፈን ምን፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንደሰጠ እንጽፍ ነበር። ሌሊት እህቴ የሰጠቻትን ጠዋት እኔ እንዳልደግመው ያዳነን ያ ወረቀት ነው።

ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ ከ8 ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም። በጣም ለከሳ ሰው ወይም ጉበቱ ለታመመ ከዚያም ያንሳል፤ ሐኪሙን ጠይቁ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ እንዳትደርቡ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን ማስታገሻዎች ካልታዘዙ በራሳችሁ አትጨምሩ። ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኙም የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ጠንከር ያለው ማስታገሻ ትራማዶል ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል። ከመነሳቷ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ትቀመጥ። ለድርቀቱ ውሃ፣ ተልባ፣ ፓፓያ። እሱ እንኳ ባሕር ዳር አይጠፋም።

ጾም ከሆነ የነፍስ አባቷን ቀድማችሁ አናግሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ ቆይታ መድኃኒት የምትውጥ እናት ጨጓራዋ ይነዳል። የእናቴ የነፍስ አባት ቤት ድረስ መጥተው «የታመመ ሰው ይብላ» ሲሏት ነው ፊቷ የበራው። እኔ ብለምናት አትሰማኝም ነበር።

አሁን ወደ ትራሱ። ሁሉም ጠያቂ እንደ ደግነት የሚያየው፣ እኔ ግን ስታገለው የከረምኩት ነገር ነው። የታመመ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ሲቀመጥ ይቀለዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከጉልበቷ ሥር ትራስ ይሸጉጥላታል። ዝም አትበሉ፤ አውጡት። በዚያ መልክ የለመደ ጉልበት አልዘረጋም ይላል። ያልተዘረጋ ጉልበት ይዞ መራመድ ደግሞ ዕድሜ ልክ ማንከስ ነው። ትራሱ የሚገባው ከተረከዟና ከባቷ ሥር ነው። እግሯ ከልቧ ከፍ ይበል፣ ጉልበቷ ከታች ባዶ ይሁን። ይህ እብጠቱንም ያወርዳል፣ ጉልበቱንም ያስተካክላል። መጀመሪያ ያማታል። አምስት ደቂቃ ብቻ ከቻለች በአምስት ጀምሩ።

እብጠቱን በረዶ በደንብ ይይዘዋል። ትንንሽ የሃይላንድ ላስቲኮች ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። መብራት ሲጠፋም ቶሎ አይቀልጡም። በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላችሁ በጉልበቷ ግራና ቀኝ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አሳርፉ። በረዶው ቆዳዋን በቀጥታ አይንካ። ከስፖርት በኋላና ማታ ከመተኛቷ በፊት ይሻላል፤ ሕመሙ የሚብሰው ሌሊት ነውና።

ስፖርቱ ቀላል ነው፣ ችግሩ አለማቋረጡ ላይ ነው። እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፦ ይህ ደም እንዳይረጋ ይረዳል፣ ነቅታ ባለች ቁጥር በየሰዓቱ ትሥራው። ጉልበትን ወደ አልጋው ተጭኖ የጭንን ጡንቻ ማጥበቅ። ተረከዝን አልጋው ላይ እያንሸራተቱ ወደ መቀመጫ መሳብ። ቀጥሎ እግርን ዘርግቶ ማንሳት። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በ2 ሳምንት ገደማ እስከ 90 ዲግሪ መታጠፍ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ ያህል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቅደም ተከተሉን ያስተካክልላችኋል።

ቤታችን የተሠራው ለታከመ ጉልበት አይደለም። ምንጣፍና ሰሌኑን አንሱ። ከዱካና ከበርጩማ አርቋት፤ ቡና ሲፈላም ከፍ ያለ ወንበር ላይ ትቀመጥ። ትልቁ ፈተና የቁጢጥ ሽንት ቤት ነው። እኛ ጠንካራ ወንበር መቀመጫው ተበስቶ ቀዳዳው ላይ እንዲቆም አናጺ አሠራን። ግድግዳው ላይም መያዣ ብረት አስመታን። ይህን ታማሚዋ ከመምጣቷ በፊት አድርጉት። ደረጃ ካለ፣ ስትወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ የታከመው። ከዘራዋን ከታከመው እግር በተቃራኒው እጅ ትያዝ።

ለቀጠሮ ባጃጅ በኮንትራት ያዙ። ከሰው ጋር ተጨናንቆ አይሆንም። በጀርባዋ ተጠግታ መጀመሪያ ትቀመጥ፣ ከዚያ እየተንሸራተተች ትግባና እግሯን መቀመጫው ላይ ትዘርጋ። ሹፌሩን ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ እንዲል ንገሩት፤ ምክንያቱን ሲሰማ እሺ የማይል አላጋጠመኝም።

ጠያቂ በረከት ነው፣ ግን ያደክማል። ሰዓት ወስኑ፤ ስፖርቷን በሰው ፊት መሥራት ታፍራለችና። ወጌሻ ላምጣ የሚል ዘመድ ይኖራል። በአክብሮት፣ ግን በጥብቅ፣ እንቢ በሉ። ብረት የገባበትን አዲስ ጉልበት ማሸት አይቻልም። ቁስሉ ላይ ቅቤም ሌላ ቅባትም አይደረግ። ፀበል ትጠጣ፤ ቁስሉ እስኪደርቅና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ግን አትጠመቅ። ስፌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይወጣል።

አንዳንድ ነገር ያስፈራል እንጂ አያሰጋም። ጉልበቱ ለወራት ሞቅ ሊልና ሊያብጥ ይችላል። ከጠባሳው ጎን ቆዳው ሊደነዝዝ፣ ሲራመዱም ቋ ሊል ይችላል። የሚከተሉት ግን አያቆዩም፦ ባቷ አብጦ ካመማት፣ ቁስሉ ፈሳሽ ወይም መግል ካወጣ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳቷ ከ38 ካለፈ፣ በደህና ስትራመድ ቆይታ ድንገት መርገጥ ካቃታት ያን ዕለት ሐኪም ይያት። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ለእግር ጉዞ ባሕር ዳር ታድላለች፤ ሜዳ ናት። ፀሐይ ሳትከር በጠዋት በዘንባባው ጥላ ሥር ከግቢ እስከ ጥግ፣ ቀጥሎ እስከ ሐይቁ ዳር። ማታ ጉልበቷ ከወትሮው በላይ ካበጠ በማግስቱ መንገዱን አሳጥሩት እንጂ አትተዉት። ስግደትን በተመለከተ ተንበርክካ መስገድ ትችል እንደሆነ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላትን ሐኪም ጠይቁ፤ እስከዚያ ቆማ አንገቷን ዝቅ ማድረጉ ይበቃታል። እናቴ አሁን ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ካልወሰዳችሁኝ እያለች ነው። ከጀልባ መውረጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገትና ድንጋይ ስላለ፣ በቅድሚያ የቤታችንን ደረጃ ያለ ሰው እርዳታ እንድትወጣና እንድትወርድ ተስማምተናል። ሁለት ደረጃ ቀርቷታል።