የመሣሪያ ካዝና ውስጥ መብራት አገጣጠም፦ ከ40 ዶላር በታች፣ ካዝናውን ሳይበሱ

አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት ከሚሸጡት የጠመንጃና የሽጉጥ ካዝናዎች፣ ዋጋቸው ዝቅ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ መብራት የላቸውም። ውስጣቸው በጥቁር ወይም በግራጫ ምንጣፍ መሰል ጨርቅ የተለበጠ ስለሆነ የክፍሉ አምፖል ቢበራም ብርሃኑን ጨርቁ ይውጠዋል። ከኋላ የቆመ ጠመንጃ፣ መደርደሪያው ጥግ የገባ ፓስፖርት፣ ወለል ላይ የወደቀ ጥይት የሚፈለገው በዳበሳ ነው። መሣሪያ ደግሞ በዳበሳ የሚነሳ ዕቃ አይደለም። ለዚህ ተብሎ የታሸገ የመብራት ኪት ይሸጣል፤ ነገር ግን ሲከፈት ውስጡ የሚገኘው 12 ቮልት ኤልኢዲ ስትሪፕ (ትናንሽ መብራቶች የተደረደሩበት፣ ጀርባው የሚጣበቅ ጥብጣብ)፣ አዳፕተርና ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ለየብቻ ከተገዛ ሁሉም ተደምሮ 40 ዶላር አይሞላም።

መብራቱን ማብራት ቀላል ነው። ሥራው የሚበላሸው ስትሪፑ ያለቦታው ሲለጠፍ፣ ማብሪያው ሳይመጣጠን ሲገዛና ሽቦው መግቢያ ሲቸገር ነው።

መጀመሪያ ካዝናውን ባዶ ያድርጉ። እያንዳንዱ መሣሪያ የጥይት ካርታው ወጥቶ፣ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩ በዓይንም በጣትም ተረጋግጦ፣ ሌላ ቁልፍ ያለው ቦታ ይግባ። ሥራው ማጣበቂያው እስኪይዝ ድረስ ወደ ማግስቱ ሊያድር ስለሚችል "ለትንሽ ሰዓት አልጋ ላይ ላስቀምጠው" አይሆንም። ልጆች ባሉበት ቤት ይሄ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፦ ሜሪላንድና ሚኒሶታን የመሳሰሉ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ግዛቶች፣ የጎረሰ መሣሪያ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መተውን በሕግ ያስጠይቃሉ።

የሚገዛው ዕቃ ይህ ነው። ባለ 5 ሜትር ጥቅል 12 ቮልት ኤልኢዲ ስትሪፕ፣ 2835 የሚባለው ዓይነት፣ በሜትር 60 መብራት ያለው፣ ባለ አንድ ቀለም። ብዙውን ጊዜ በሜትር ወደ 4.8 ዋት ይወስዳል። 5050 የሚባለው በሜትር እስከ 14.4 ዋት ስለሚበላ ለካዝና ከልክ በላይ ነው፤ ቀለም የሚቀያይረው ባለ ሪሞቱ ደግሞ እንዲያውም አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ሪሞት ካልተጫነ አይበሩም። የብርሃኑ ቀለም 4000 ኬልቪን ቢሆን ጥሩ ነው። 6500ው ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ብረት ላይ ያለ ቀላ ያለ የዝገት ጅምር በደንብ አይታይበትም። ከዚህ ሌላ ባለ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር (ዩኤል የሚባለው የደኅንነት ፍተሻ ምልክት ያለበት)፣ ጥቂት ሜትር ባለ ሁለት ቀለም ቀጭን ሽቦ፣ ውፍረቱ ቁጥር 20 ወይም 22 (AWG) የሆነ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሲሞቅ የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ፣ ናስትሮ፣ የሚያጸዳ አልኮልና መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)።

ልኬቱን በምሳሌ እንየው። ውስጡ 140 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 65 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካዝና፣ ሁለቱን ጎንና ላዩን ለማብራት 140 ሲደመር 140 ሲደመር 65፣ ማለትም 3.45 ሜትር ይፈልጋል። በ4.8 ሲባዛ 16.6 ዋት ገደማ፤ ለ12 ሲካፈል 1.4 አምፔር ነው። አዳፕተር ሁልጊዜ ሩብ ያህል ትርፍ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ባለ 2 አምፔሩ ይበቃል፣ ባለ 1 አምፔሩ ግን ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ይህን 1.4 የሚል ቁጥር ይያዙት፤ ማብሪያው ላይ ስንደርስ ይፈለጋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለጥፈው ጣሪያው ላይ ነው። ከላይ ያለው መደርደሪያ ብርሃኑን ሁሉ ይይዘውና ከሥሩ ያለው እንደጨለመ ይቀራል። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ጠመንጃዎቹ ጥላ ሆነው ይታያሉ። ትክክለኛው ቦታ ከፊት ነው፦ ከበሩ ፍሬም ጀርባ፣ በቀኝ፣ በግራና ከላይ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ። እንዲህ ሲሆን በሩ ፊት ለቆመው ሰው መብራቱ ራሱ አይታይም፤ ብርሃኑ ግን ሁሉም ዕቃ ላይ ከፊት ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የበሩ መቆለፊያ ብረቶች እጀታው ሲዞር የሚገቡት በትክክል ከዚሁ ፍሬም ጀርባ ነው። ሳያጣሩ የለጠፉት ስትሪፕ በመጀመሪያው መቆለፍ ይፈጫል። መላው ቀላል ነው፦ የብረቶቹን ጫፍ ሊፕስቲክ ይቀቡ፣ ፍሬሙ ጀርባና አጠገቡ ባለው የጎን ግድግዳ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፣ በሩን ዘግተው እጀታውን አንድ ጊዜ አዙረው ይመልሱ። ፕላስተሩ ላይ የቀላው ቦታ የብረቶቹ መንገድ ነው። በማጠፊያው በኩል የማይንቀሳቀስ ብረት ያላቸው ካዝናዎችም ስላሉ ያንን ጎን አይዝለሉት። በሩ ጀርባ የሽጉጥ ኪስ የተሰፋበት ከሆነም ኪሱ በሽጉጥ ተሞልቶ ሲዘጋ የት እንደሚደርስ ያስቡ። ምልክቱ ስትሪፑ ሊለጠፍበት የታሰበው ላይ ካረፈ፣ ከምልክቱ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ የጎን ግድግዳው ላይ መሥራት ነው።

ፍሬሙ ባዶ ብረት ስለሆነ የስትሪፑ የራሱ ማጣበቂያ በደንብ ይይዘዋል፤ ግን ከፋብሪካ የመጣ ዘይት ስለማያጣው በአልኮል ሁለት ጊዜ ይጠረግ፣ ይድረቅ። ብረቱ መቀዝቀዝ የለበትም፤ ክረምት ላይ ጋራዥ ውስጥ ያለ ካዝና ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ መጀመሪያ ክፍሉን ያሙቁ። ከለጠፉ በኋላ ስትሪፑን በአውራ ጣት ጫን እያሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂዱበት፣ ለ24 ሰዓትም ሽቦውን አይጎትቱ። ጨርቁ ላይ ግን በቀጥታ አይለጥፉ። ለሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ ተላቆ ጠመንጃው ላይ ይንጠለጠላል። ለጨርቅ የሚሻለው ስትሪፑን 45 ዲግሪ በሚያዘነብል የአሉሚኒየም ቻናል ውስጥ አስገብቶ፣ ቻናሉን በጀርባው ጠንካራ ቬልክሮ ለጥፎ ጨርቁ ላይ መጫን ነው፤ ሻካራው የቬልክሮ ወገን ብዙዎቹን ጨርቆች በራሱ ይይዛል። ካልያዘ አጭር ብሎን ይጠቀሙ፤ ከጨርቁ ሥር ያለው ብዙውን ጊዜ እሳት የሚከላከል የጂፕሰም ሰሌዳ ስለሆነ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚገባ ብሎን ይበቃል።

ስትሪፑ የሚቆረጠው መቀስ በተሳለበት ወይም መስመር ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ባለ 12 ቮልቱ ባለ 60ው በየሦስት መብራቱ፣ ማለትም በየ5 ሴንቲ ሜትሩ። ከዚያ ውጭ ከተቆረጠ እስከሚቀጥለው መስመር ያሉት መብራቶች ይሞታሉ። ማዕዘን ላይ ስትሪፑን በግድ አያጥፉት፤ ውስጡ ያለው ቀጭን መዳብ ይሰነጠቅና ከዚያ ወዲያ ያለው ይጨልማል። ቆርጠው በ5 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ያገናኙት። ሶልደር ማድረግ የሚችል ሰው ሶልደር ያድርግ። የማይችል በሚጫን ማያያዣ ይሥራ፤ ማያያዣው የስትሪፑን ስፋት መምሰሉን ግን ይይ፣ 2835 አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር፣ 5050 ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 10ሩን ማያያዣ ለ8ቱ ከተጠቀሙ ለጊዜው ይበራል፣ በሩ በተወረወረ ቁጥር ግን ይንቦገቦጋል።

የተቆረጠው ጫፍ ላይ ፕላስና ማይነስ መዳቦቹ ተራቁተው ይቀራሉ። ሁለቱም የብረት ፍሬሙን ከነኩ ሾርት ነው፤ አዳፕተሩ ወይ ራሱን ያጠፋል ወይ ይቃጠላል። እያንዳንዱ ጫፍ በሚኮማተረው ቱቦ ይሸፈን፤ ቱቦ ከሌለ በናስትሮ። ፕላስና ማይነስ ተገለባብጦ ከተገናኘ ግን የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ ባለ አንድ ቀለም ስትሪፕ አይበራም እንጂ ብዙውን ጊዜ አይበላሽም። አዙረው ያገናኙት።

አሁን ማብሪያው። በሩ ሲከፈት እንዲበራ፣ ሲዘጋ እንዲጠፋ ሦስት ርካሽ መንገድ አለ። የመጀመሪያው የማግኔት ማብሪያ ነው። ተነካኪው ክፍል ጣሪያው የፊት ጠርዝ ላይ፣ ማግኔቱ በሩ ላይ ይገጠማል። ችግሩ ሲገዛ ይጀምራል፦ ለሌባ መከላከያ ደወል ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው፣ በሩ ሲዘጋ መስመሩን የሚያገናኝ ነው፤ ለእኛ የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒው፣ ማግኔቱ ሲርቅ የሚያገናኘው። ማሸጊያው ላይ ያለው ኤንሲ (በተፈጥሮው ዝግ) እና ኤንኦ (በተፈጥሮው ክፍት) የሚል ጽሑፍ ሻጭ በሻጭ ትርጉሙ ስለሚለያይ አይመኑት። ሦስት ሽቦ ያለውን ይግዙ፤ መልቲሜትሩን ድምፅ የሚያሰማው ላይ አድርገው፣ ማግኔቱ ሲርቅ የሚጮኸውን የሽቦ ጥንድ ይምረጡ።

ሁለተኛው ችግር ጉልበቱ ነው። ትናንሾቹ የማግኔት ማብሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚችሉት ግማሽ አምፔር ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የእኛ መብራት 1.4 አምፔር ይስባል። በቀጥታ ካገናኙት ውስጡ ያሉት ሁለት ቀጭን ምላሶች ይጣበቁና በሩ ቢዘጋም መብራቱ አይጠፋም። ወይ በመካከል ባለ 12 ቮልት ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ያስገቡ፣ ወይ የማግኔት ማብሪያውን ለአጭር ስትሪፕ ብቻ ይተዉት። በተጨማሪ የካዝናው ብረት የማግኔቱን ኃይል ስለሚያዳክም፣ እንጨት በር ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚሠራው እዚህ በግማሽ ርቀትም እምቢ ሊል ይችላል። ከማግኔቱም ከተነካኪውም ሥር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ ማስገባት ይረዳል።

ሁለተኛው መንገድ እንደ ፍሪጅ በር ማብሪያ ያለ፣ በሩ ሲጫነው የሚያጠፋ፣ ሲለቀው የሚያበራ ቁልፍ ነው። 2 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚችል በቀላሉ ይገኛል። ቦታው በልክ ካልሆነ ግን የበሩን መገጠም ይከለክላል። ሦስተኛው በአዳፕተሩና በስትሪፑ መካከል የሚሰካ ባለ 12 ቮልት የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው። የሚስተካከል ማግኔት የለውም፣ የሚቆፈር የለም፣ በሩን አይነካም። ጉድለቱ ሰውየው ቀጥ ብሎ ከቆመ መብራቱ መጥፋቱ ነው፤ እጅ ማወዛወዝ ይበቃል። ካዝናው አጠገብ ሶኬት ላለው ሰው ምርጫው ይሄ ይሁን። ሴንሰሩ ላይ የተጻፈው አምፔር ከ2 እንዳያንስ ብቻ ይመልከቱ።

ሽቦውን ለማስገባት ካዝናውን አይብሱ። ብዙዎቹ ካዝናዎች ለእርጥበት ማድረቂያ ዘንግ ተብሎ ከጀርባ ወይም ከሥር ከፋብሪካ የተበሳ፣ ግማሽ ኢንች ያህል ቀዳዳ አላቸው፤ አንዳንዴ በጨርቁ ተሸፍኖ በጣት ሲዳሰስ ነው የሚገኘው። አዲሶቹ ላይ ውስጡ ድረስ የገባ ሶኬት ሊኖር ይችላል። አዲስ ቀዳዳ ከከፈቱ የእሳት መከላከያውን ያዳክማሉ፣ ዋስትናውንም ሊያጡ ይችላሉ። በበሩ በኩል ከሆነማ ካዝናው የተሰበረ መስሎት ራሱን ለዘለቄታው የሚቆልፈውን መሣሪያ ሊነኩ ይችላሉ፤ ያኔ የቁልፍ ሠራተኛ ክፍያው የካዝናውን ዋጋ ይጠጋል። ሽቦን በበሩ ጠርዝ አሹልኮ ማስገባትም አይሆንም፦ እዚያ ያለው በእሳት ጊዜ የሚያብጥ ማሸጊያ ክፍተት ያገኛል፣ ሽቦውም በበሩ ክብደት ይላጣል።

በቀዳዳው የሚያልፈው 12 ቮልቱ ሽቦ ብቻ ይሁን፤ አዳፕተሩ ውጭ ሶኬቱ ላይ ይቅር። የቀዳዳውን ጠርዝ የሚሸፍን የጎማ ቀለበት ያስገቡ፤ ጎማው ከሌለ የብረቱ ጠርዝ ሽቦውን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። የማድረቂያው ገመድ ቀዳዳውን ከያዘው የአዳፕተሩን ጫፍ ቆርጠው ባዶ ሽቦውን ከጎኑ ያሳልፉና ውስጥ መልሰው ያገናኙት፤ ከመቁረጥዎ በፊት የትኛው ፕላስ እንደሆነ ምልክት ያድርጉበት። የቀረው ክፍተት እሳት በሚከላከል ፑቲ ይደፈን። ካዝናው ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ብቻዎን አይጎትቱት። ባዶውም ቢሆን ብዙ መቶ ኪሎ ሊመዝን ይችላል፣ በሩ ከተከፈተ ደግሞ ወደ ፊት ይገለበጣል።

ቀዳዳም ሶኬትም ለሌለው ሰው ስምንት ባለ ኤኤ የባትሪ ድንጋይ የሚይዝ ሳጥን 12 ቮልት ይሰጣል። ስትሪፑን ወደ 1 ሜትር ይቀንሱ፤ 0.4 አምፔር ስለሚሆን ትንሹ የማግኔት ማብሪያም ይችለዋል። ድንጋዮቹ በድምሩ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ያበራሉ፣ በቀን አንድ ደቂቃ ለሚከፍት ሰው ወራት ነው። ሴንሰር ግን በባትሪ አይሞክሩ፤ ጠፍቶም ቢሆን ይበላል። አልካላይን ድንጋይ ሲያረጅ የሚያፈሰው ፈሳሽ ብረት ስለሚበላ ሳጥኑ ከመሣሪያ በላይ አይቀመጥ። በዩኤስቢ የሚሞሉት ባለ ሊቲየም መብራቶች ርካሽና ምቹ ናቸው፤ ሆኖም ሊቲየም ባትሪን ከጥይት ጋር በአንድ ብረት ሳጥን መቆለፍ አይመከርም። ፓወር ባንክም እንዲሁ፤ በዚያ ላይ ብዙዎቹ ለጥቂት ጊዜ የሚስብ ካጡ ራሳቸውን ያጠፉና በሩ ሲከፈት አይነሡም።

ከመለጠፍዎ በፊት ሁሉንም ወለል ላይ አገናኝተው ለግማሽ ሰዓት ያብሩት። አዳፕተሩ ለብ ሊል ይችላል፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ግን ልኬቱ ተሳስቷል። ተለጥፎ ካለቀ በኋላ በሩ ሲዘጋ መብራቱ መጥፋቱን ለማየት ስልክዎን ቪዲዮ ላይ አድርገው ውስጥ ያስቀምጡና በሩን ሳይቆልፉ ይግጠሙት። ለማግኔቱና ለሚጫነው ቁልፍ አሥር ሰከንድ ይበቃል፤ ሴንሰር ከሆነ የተሞላለት ጊዜ እስኪያልፍ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። ቪዲዮው ካልጨለመ፣ በማግኔቱ በኩል ርቀቱን፣ በሚጫነው ቁልፍ በኩል ደግሞ በሩ እስከ መጨረሻው መግፋቱን ይመልከቱ።