የቆየ አነስተኛ ትራክተር ሙቀት ሲያበዛ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

አራት ኪሎ አቅራቢያ በሚገኝ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሣር የሚያጭድና አፈር በተጎታች የሚያመላልስ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ ትንሽ ትራክተር ለዓመታት ስጠግን ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ደጋግሜ የሰማሁት የተሳሳተ ግምት «አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነች ሞተር አይሞቅባትም» የሚለው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አየሩም ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ፋኑ በራዲያተሩ መሐል የሚያሳልፈው አየር ጠርጎ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ ብርዱ የሚሰጠንን ጥቅም ከፍታው በከፊል ይወስድብናል ማለት ነው።

የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ሲነካ ማጨጃውን አላቆ፣ ሞተሩን ያለ ጭነት በዝቅተኛ ዙር ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት ከድንገተኛ ማጥፋት ይሻላል፤ ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ወይም ውሃው ከፈሰሰ ግን ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ መክፈት ፊትንና እጅን ለሚፈላ ውሃ መስጠት ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን የላይ መክደኛ) ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ በእጅ እስኪያዝ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል።

መርፌው ከፍ ብሎ እያለ እንፋሎት፣ የጋለ ሽታም ሆነ የውሃ መጉደል ካልታየ፣ ሌላ ነገር ከመፈታቱ በፊት ሴንሰሩና ሽቦው ይፈተሹ፤ ሙቀትን ከርቀት የሚያነብ መለኪያ ከተገኘ በቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ በሚያሳልፈው በር) ቤት ላይ ማነጣጠር ብቻ ጥርጣሬውን ይቋጨዋል።

ሲሠራ ብቻ የሚሞቅ፣ ቆሞ ሲነሣ ግን ደኅና የሆነ

ይህ በብዛት የሚያጋጥመው ምልክት ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ውጭ ይገኛል። ክረምቱ አልፎ በመስከረምና በጥቅምት የደረሰ ሣር ሲታጨድ፣ ዘሩና ብናኙ በፊት ወንፊቱ በኩል ገብቶ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይሰገሰጋል። አንድ ጊዜ ወንፊቱን ስስበው ከጀርባው የጣት ውፍረት ያለው ንጣፍ እንደ ደረቅ ኩበት ሙሉውን ተላቆ ወጣ፤ ከላዩ የጥድ ቅጠል፣ ከሥሩ በዘይት የጨቀየ አቧራ ነበር። ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ራዲያተሩ ንጹሕ ይመስል ስለነበር፣ ወንፊቱን ሳያወጡ አይቶ ማለፍ አይበቃም።

አጸዳዱ ከፋኑ በኩል ወደ ፊት፣ ማለትም አየሩ ከሚገባበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ወይም ባልበረታ አየር ነው። የመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ለስላሶቹን ክንፎች አጣጥፎ ችግሩን ዘላቂ ያደርገዋል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ አንድ ወረቀት ከፊት ወንፊቱ ላይ ማስጠጋት ነው፤ ወረቀቱ ተስቦ ካልተለጠፈ ፋኑ አየር እየሳበ አይደለም። በጥገና ወቅት ተገልብጦ የታሰረ ፋን፣ ወይም ወልቆ ያልተመለሰ የፋን መከለያ ለዚህ ምክንያት ይሆናል።

ውጩ ንጹሕ ሆኖ ሙቀቱ ካልቀነሰ ውስጡ በኖራማ ዝቃጭ ተደፍኖ ይሆናል፤ በተለይ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር እንዲህ ይሆናል። ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ የራዲያተሩን ፊት ከርቀት በሚያነበው መለኪያ ማሰስ ነው፤ ከዙሪያው ለይቶ የሚቀዘቅዝ ቦታ ውሃ የማያልፍበት ነው። ቀላሉ ዝቃጭ በማጠቢያ ፈሳሽ ይለቃል፤ የጠናው ግን ራዲያተር ሠሪ ዘንድ ተከፍቶ መጠረግ አለበት። ከዚህ ጎን ለጎን የጭሱን ቀለም መመልከት ይጠቅማል፤ በጭነት ጊዜ የሚወፍር ጥቁር ጭስ ለሳሳው አየራችን ናፍጣው እንደበዛ ወይም የአየር ማጣሪያው እንደታፈነ ስለሚያመለክት፣ ማጣሪያው ይጽዳ፣ ዙሩና ማርሹም ይቀነስ።

መርፌው ቀዩን ሳይነካ ውሃ የሚያፈላና የሚተፋ

እዚህ ላይ ክዳኑን አስቀድሜ እጠረጥራለሁ። በብዙ ትራክተሮች ላይ የሚገኘው 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን፣ በእኛ ከፍታ የንጹሕ ውሃን የመፍያ ነጥብ ከ92 ወደ 114 ዲግሪ አካባቢ ያወጣዋል። ሞተሩ በደኅና ጊዜው በ80ዎቹ ውስጥ ስለሚሠራ፣ ክዳኑ ግፊት መያዝ ሲያቅተው በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ያ የአራት ኪሎው ትራክተር እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጋራዥ የቴስታታውን ጋስኬት (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ማሸጊያ) ለውጦለት፣ በሳምንቱ እንደገና አፍልቶ ነበር። ክዳኑን ገልብጬ ሳየው የታችኛው ጎማ በጥፍር ሲነካ የሚፈረፈር፣ ዳር ዳሩ የተሰነጠቀ ሆኖ አገኘሁት። መፍትሔው በአዲስ ክዳን ተቋጨ፤ ለጋስኬቱ የወጣው ገንዘብ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ሶማሌ ተራ ወርዶ ክዳን የሚገዛ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ፤ የተጻፈበት የግፊት ቁጥርና የአንገቱ ጥልቀት እኩል መሆን አለባቸው። ንጹሕ ውሃ ብቻ ከመሙላትም ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል መቀላቀል የመፍያ ነጥቡን ተጨማሪ ጥቂት ዲግሪ ያሳድጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል።

ቆሞም ቢሆን የሚሞቅ

ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙ ከረገበ ይወጠር፤ ጎኑ ካንጸባረቀ ይለወጥ። ከውሃ ፓምፑ ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ካንጠባጠበ ወይም ዘንጉ በእጅ ሲነቀነቅ ከተላወሰ ፓምፑ አልቋል። አንዳንድ የቆዩ ትናንሽ የያንማር ትራክተሮች ግን የውሃ ፓምፕ ጭራሽ የላቸውም፤ ውሃው የሚዞረው የሞቀው ወደ ላይ፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች ስለሚሄድ ብቻ ነው። በእነዚህ ላይ የውሃው መጠን ከላይኛው ቱቦ አፍ በታች ከወረደ ዝውውሩ ይቆማል።

ቴርሞስታት ያለውን ሞተር በተመለከተ፣ አውጥቶ መጣል መፍትሔ ሆኖ መለመዱ ያሳስበኛል። ቀዝቅዞ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በሚገባ አያቃጥልም፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩም ይበላል። ይልቅ በገመድ አንጠልጥሎ ከቴርሞሜትር ጋር ድስት ውስጥ መፈተሽ ይገባል፤ 82 የተጻፈበት በዚያ ሙቀት አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ሆኖም እንዲህ ያለው ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ድስት ውስጥ ያለው ውሃ እዚያ ሳይደርስ ስለሚፈላ፣ በከፊል ብቻ ተከፈተ ተብሎ ደኅናው ዕቃ እንዳይጣል።

ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ የሚንተከተክ

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ አረፋው ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የላይኛው ቱቦም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ከተገተረ፣ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የሚመስል ነገር ከታየ ሞተሩ ዳግም አይነሣ። ጋስኬቱ ሲለወጥ ቴስታታው በቀጥ ማስመሪያ ይለካ፣ ከጎበጠ ማሽን ቤት ይደልደል፤ ብሎኖቹም ከመሐል ወደ ዳር በጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ደረጃ በደረጃ ይጠበቁ። ሲሞላ፣ ክዳኑን ክፍት ትቶ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር እያሠሩ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የታፈነው አየር እስኪወጣ ድረስ እየጨመሩ መቆየት፣ በማግሥቱ ጠዋትም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መጠኑን ዳግም ማየት ያስፈልጋል።