አሮጌውን የተሽከርካሪ መዝገብ ሲስተም አገልግሎት ሳይቋረጥ እንዴት መተካት ይቻላል?

በመሃል አዲስ አበባ ስም ለማዛወር ወይም ቦሎ ለመውሰድ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ የሄደ ሰው ሁሉ «ሲስተም የለም» የምትለውን አጭር መልስ ያውቃታል። ባለጉዳዩ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ሊብሬውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን በፕላስቲክ ይዞ፣ ከጠዋቱ 2፡00 ጀምሮ ተሰልፎ ከቆየ በኋላ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ከመስኮቱ ውጭ አንድ ቀን መቆም ይበቃል። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ፣ ሲስተሙን ከሚጠግኑት ጋር ለዓመታት ስለ ሠራሁ፣ ይህን መመሪያ የጻፍኩት የድሮ የተሽከርካሪና የአሽከርካሪ መዝገብ ሲስተም እንዲያድሱ ለተመደቡ የአይሲቲ ባለሙያዎችና ለሥራ ክፍል ኃላፊዎች ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት፣ አሮጌው ሲስተም በአንድ ሌሊት ተነቅሎ አዲሱ በማግስቱ እንዳይተከል ነው። ይህ አካሄድ በጨረታ ሰነድ ላይ ርካሽና ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን አሮጌው ሲስተም በየትኛውም መመሪያ ላይ ያልተጻፉ ብዙ የአሠራር ልማዶችን በውስጡ ይዟል፤ እነዚያ ልማዶች ሳይታወቁ የተጣሉ እንደሆነ ጉድለቱ የሚገለጠው መስኮቱ ላይ፣ በባለጉዳዩ ፊት ነው።

አሮጌው ሲስተም የሚያውቀውን በጽሑፍ ማስፈር

ኮድ ከመጻፍም ሆነ የጨረታ ሰነድ ከማዘጋጀት በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከመዝገብ ቤት ሠራተኞችና መስኮት ላይ ካሉት ባለሙያዎች አጠገብ ተቀምጦ ሥራቸውን መመልከት ያስፈልጋል። ስብሰባ ጠርቶ «አሠራራችሁን ንገሩን» ማለት በቂ አይደለም፤ ሰው በየቀኑ የሚሠራውን ሲጠየቅ የሚናገረው መመሪያው የሚለውን ነውና። እጃቸው ሲያስገባ እያዩ፣ የተለየ ነገር በታየ ቁጥር ምክንያቱን መጠየቅ ነው።

ለዚህ አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። በሠራሁበት አንድ ቢሮ የመዝገቡን ቀኖች በየቀኑ ከፋፍዬ ስቆጥር፣ ጥቅምት 28 ላይ የተመዘገበው አገልግሎት ከሌሎቹ ቀናት ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘሁት። ጥቅምት 29 ደግሞ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ 30 ከነጭራሹ የለም። የበዓል ቀን መስሎኝ ብፈልግ አጣሁ። በመጨረሻ ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ «ልጄ፣ 29ን እንቢ ይለናል፤ ስለዚህ 28 ብለን ነው የምናስገባው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሲስተሙን የሠራው ባለሙያ የኢትዮጵያን ቀን ሳይለውጥ ለፈረንጅ አቆጣጠር በተዘጋጀ የቀን ዓምድ ውስጥ እንዲገባ አድርጎታል። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ወር እንደ ፌብሩዋሪ ስለሚቆጥረው ከ28 በላይ የሚቀበለው በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ነው። ጳጉሜን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ሆና ፈጽሞ አትገባለትም፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ በጳጉሜን የተሠራውን ሁሉ ነሐሴ 30 እያሉ ይመዘግቡ ነበር። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። የስም ዝውውር ቀን ክርክር ሲነሳ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፤ የመንጃ ፈቃድ ማብቂያ ቀንም ሰውን የሚያስቀጣ ወይም ከቅጣት የሚያድን ነው።

መፍትሔው በዳታቤዙ ውስጥ ቀኑን በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ብቻ ማስቀመጥና ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጠውን ሥራ ለስክሪኑና ለኅትመቱ መተው ነው። ለውጡን የሚሠራው ክፍል በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ አስቸጋሪዎቹን ቀኖች መምረጥ ይገባል፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። እነዚህን ሦስቱን ያለፈ ሲስተም አብዛኛውን ጊዜ ሌላውንም ያልፋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ሰርቨሩ «8፡00» ብሎ የመዘገበውን ሠራተኛው ከሰዓት በኋላ አድርጎ እንዳያነበው፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት። አሮጌዎቹን ቀኖች ግን በግምት ማስተካከል አይገባም። አጠራጣሪ የሆኑት ምልክት ተደርጎባቸው ይለፉ፤ ባለቤቱ ለጉዳይ ሲመጣ ከወረቀት ፋይሉ ጋር ተመሳክረው ይታረማሉ።

ዳታውን ማጽዳት ዋናው ሥራ ነው

ከጠቅላላው ጊዜ ትልቁን የሚወስደው ዳታ ማጽዳት መሆኑን ለኃላፊዎች አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ካልተነገራቸው በሦስተኛው ወር «እስካሁን የሚታይ ነገር የለም» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

መጀመሪያ ፊደሉ ይታይ። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በአንድ ወጥ ኮድ በሚያስቀምጠው በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየቢሮው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ይጻፍ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ስም ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ በውስጡ የተቀመጠው የላቲን ምልክት ነው፤ ወደ አዲሱ ዳታቤዝ እንዳለ ሲወሰድ የማይነበብ ነገር ይሆናል። እያንዳንዱ ፎንት የራሱ የኮድ አሰላለፍ ስላለው፣ የትኛው ሠንጠረዥ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ሳይለዩ መለወጫ ፕሮግራም ማስነሳት ስህተትን ማባዛት ነው። ከእያንዳንዱ ሠንጠረዥ መቶ ያህል መዝገብ ወስዶ፣ ለውጦ፣ ከወረቀቱ ጋር በዓይን ማመሳከር ይቀድማል።

ቀጥሎ የስም ጉዳይ አለ። የቤተሰብ ስም የሌለን ሕዝብ ስለሆንን የሰው ማንነት የሚታወቀው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ሦስቱ በየራሳቸው ዓምድ መቀመጥ አለባቸው። ከዚህ ላይ ሞክሼ ፊደላት አሉ፦ አንዱ ሠራተኛ «ኃይሌ» ያለውን ሌላው «ሀይሌ»፣ አንዱ «ፀሐይ» ያለውን ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ያስገባዋል፤ «ገብረማርያም» አንድ ቦታ ሙሉውን ተጽፎ ሌላ ቦታ «ገ/ማርያም» ይሆናል። ሰው በመታወቂያው ላይ የተጻፈውን ስሙን ማንም እንዲያርምበት ስለማይፈልግ የመጀመሪያው አጻጻፍ እንዳለ መጠበቅ አለበት። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ይበጅለትና በዚያ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይጠቃለሉ፤ ምህጻረ ቃላቱም ይፈቱ። መስኮት ላይ ያለው ባለሙያ በየትኛውም ፊደል ቢፈልግ ሰውየውን ያገኘዋል። ስም ስለተመሳሰለ ብቻ ግን ሁለት መዝገብ አይዋሃድ፤ ባለንብረቱን ከፋይዳ ቁጥሩ ጋር ማያያዝም ባለቤቱ በአካል ሲቀርብ እንጂ በጅምላ በስም ግምት አይደረግ።

የሻንሲ ቁጥር የራሱ ወጥመድ አለው። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ የሻንሲ ቁጥር 17 ሆሄና አኃዝ መሆን አለበት ይላል፤ የአይኤስኦ 3779 ደረጃ የሚለውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርተው፣ በኋላ ወደ እኛ የመጡት መኪኖች ከዚህ ያጠረ ቁጥር ነው ያላቸው። የድሮዋ ቪትዝ ቁጥሯ «ኤስሲፒ10» ብሎ ይጀምርና ከሰረዙ በኋላ ሰባት አኃዝ ይከተላል። የ17ቱን ሕግ ያለ ልዩነት የጫነ ሲስተም መንገዱን የሞሉትን መኪኖች «የተሳሳተ» ብሎ ይመልሳል፤ ሠራተኛውም ጉዳዩን ለመጨረስ ከፊቱ ዜሮ መደርደር ይጀምራል። በሌላ በኩል በባለ 17ቱ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት ሆሄያት ስለማይገቡ፣ ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ የጽሕፈት ስህተት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከሊብሬው ጋር ታይቶ ይታረማል። አንድ ሻንሲ በሁለት ታርጋ ላይ ከተገኘ ግን ማንም ቴክኒሻን አንዱን መሰረዝ የለበትም፤ ምናልባት የታርጋ ለውጥ ነው፣ ምናልባትም ወንጀል ነው፤ የሚወስነው ሥልጣን ያለው አካል ነው።

ታርጋን የመኪናው መለያ አድርጎ መያዝም ይቅር። ከኮድ 3 ወደ ኮድ 2 የተዛወረ መኪና ታርጋው ይቀየራል፤ መኪናው ግን ያው ነው። ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ የማይለወጥ የውስጥ ቁጥር ይሰጠው፤ ታርጋዎቹ ከነቀናቸው እንደ ታሪክ ይያያዙለት።

በቁራጭ በቁራጭ መተካት

ዳታው ከተስተካከለ በኋላ ከአሮጌው ሲስተም ፊት ለፊት አንድ መካከለኛ ክፍል ይተከላል። ሠራተኛው የሚያየው ይህን ብቻ ነው፤ ጥያቄው ወደ አሮጌው ወይም ወደ አዲሱ የሚሄድ መሆኑን የሚወስነው መካከለኛው ነው። ይህ ከተበጀ አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ ማሻገር ይቻላል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ መረጃ ማየት ብቻ የሚጠይቀው፣ ማለትም መኪናው የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ያለበት መሆኑን ማጣራት፤ ከዚያ ቦሎ፤ ስም ዝውውር መጨረሻ። ስም ዝውውር የንብረት መብት ስለሚነካ በእሱ ላይ መማር አይገባም።

ማንኛውም አገልግሎት ሲሻገር በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ተጀምሮ ሁለቱ ሲስተሞች ጎን ለጎን መሥራት አለባቸው። በየምሽቱ የደረሰኝ ብዛትና የተሰበሰበው ብር ከሁለቱም ወጥቶ ይነጻጸር፤ የአንድ ደረሰኝ ልዩነት እንኳ ምክንያቱ ሳይገኝ በማግስቱ መስኮት አይከፈት። ይህ ለሠራተኛው ድርብ ሥራ መሆኑን አውቆ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን አስቀድሞ በበጀት መያዝ ፍትሕ ነው። ጊዜውም ይመረጥ፤ የቦሎ ሰልፍ በሚበዛበት ወቅት ወይም በጀት ሊዘጋ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ምንም ነገር አይሻገር።

መብራትና ኔትወርክ እንደሚጠፉ ታሳቢ ተደርጎ ይሠራ። ቅርንጫፉ ከዋናው ጋር ሲቆራረጥ ቢያንስ ማመልከቻ መቀበልና መመዝገብ ይችል ዘንድ የራሱ ጊዜያዊ ማከማቻና አስቀድሞ የተመደበለት የቁጥር ክልል ይኑረው፤ አለበለዚያ ሁለት ቅርንጫፎች ግንኙነቱ ሲመለስ አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው ሰጥተው ይገኛሉ። እገዳ መኖር አለመኖሩን ሳያጣሩ የማይሠራ አገልግሎት ግን መስመሩ እስኪመለስ ይቆይ።

በውሉ ውስጥ መግባት ያለባቸው

አቅራቢ ድርጅት የሚቀጠር ከሆነ ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ)፣ የዳታቤዙ ንድፍና ማብራሪያው የቢሮው ንብረት መሆናቸው በውሉ ላይ በማያሻማ ቃል ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው የቢሮው የራሱ ባለሙያ ሲስተሙን ከባዶ ሰርቨር ላይ፣ ያለ አቅራቢው እገዛ፣ ከባክአፕ አስነስቶ ሲያሳይ ይሁን። ይህችን አንቀጽ ለማስገባት ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም እከራከራለሁ፤ የተወሰደ ባክአፕ ሁሉ የሚነሳ አይደለምና። ሲስተሙ መሥመር ላይ ከመዋሉ በፊትም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የደህንነት ፍተሻ ይጠየቅ።

የይለፍ ቃል በጋራ መጠቀም ከመጀመሪያው ቀን ይቁም። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መዝገብ ከምን ወደ ምን እንደቀየረ የሚያሳይ፣ የሲስተሙ አስተዳዳሪ እንኳ ሊሰርዘው የማይችል መዝገብ ያስፈልጋል፤ ቅን ሠራተኛ በሌላ ሰው ጥፋት እንዳይጠየቅ የሚጠብቀውም ይኸው ነው። የባለንብረቶች አድራሻና ስልክ ለትራፊክ ፖሊስ፣ ለኢንሹራንስ ድርጅት ወይም ለባንክ ሲተላለፍ እያንዳንዱ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ እንዲያይ ይደረግ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ ይህ በቢሮው በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ጉዳይ አይደለም።

አሮጌው ሲስተም ሥራውን ሁሉ ካስረከበ በኋላም አይጣል። ቪዥዋል ፎክስፕሮ በተባለው የድሮ የዳታቤዝ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ የማይክሮሶፍት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለተቋረጠ ከኔትወርክ ተነጥሎ፣ ለማንበብ ብቻ በሚፈቅድ ሁኔታ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በመዝገብ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ዝውውር ይዞ ሲመጣና አዲሱ ሲስተም ላይ ያለው ቀን ምልክት የተደረገበት ሆኖ ሲገኝ፣ ባለሙያው ሄዶ የሚያየው እዚያ ነው፤ ከጎኑም ጥቅምት 28 ለምን እንደበዛ የሚያስረዳ ገጽ ታትሞ ይለጠፍ።